ለሁለት የተሰነጠቀውን ተውኔት የሰፉት የእትዬ ብሪጂታ ፓይሊ የሕይወት ታሪክ

ወ/ሮ ብሪጂታ ፓይሊ ከአባታቸው ከአሻን ፓይሊና ከእናታቸው ከወ/ሮ ሮሳ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ማርች 14 ቀን 1953፣ በኬረላ ጠረፍ በማናልቱራ ከተማ፣ በሰሜን ሰፈር፣ ከመርከብ መብራቱ ማማ ጀርባ ባለው ቤት ተወለዱ። ለወላጆቻቸው ሦስተኛ ልጅ፣ ከሴቶች ደግሞ የመጀመሪያዋ ናቸው። እናታቸው ስለዚያ ቀን ሲጠየቁ፣ «ሌሎቹ ሲወለዱ አለቀሱ፤ ይቺ ግን ዙሪያዋን ቃኘት አድርጋ አስተያየት መስጠት ጀመረች» ይሉ ነበር። እኛ ዘመዶቻቸው ይህን ያለ ምስክር እናምናለን።

«አሻን» የሚለው ማዕረግ በከተማችን ለርገጣ ተውኔት መምህር ብቻ የሚሰጥ ነው። በርገጣ፣ የነገሥታትና የቅዱሳን ታሪክ በአፍ እየተዘፈነ በእግር ሳንቃ ላይ ይመታል፤ ሳንቃው ካልጮኸ ተዋናዩ እንዳልተናገረ ይቆጠራል። ብሪጂታ እንዲህ ባለ ቤት ስላደጉ መራመድ ሳይችሉ ምት ያውቁ ነበር። ሆኖም በዚያ ዘመን ሴት ልጅ መድረክ አትወጣም፤ የንግሥቲቱን ቦታ እንኳ የሚይዘው ጺሙን የተላጨ ዓሣ አጥማጅ ነበር። ስለዚህ እሳቸው ከመድረኩ ሥር ገብተው፣ አቧራው እየዘነበባቸው ማዳመጥ ጀመሩ። በኋላ ዘመናቸው፣ «ሰው ከላይ ሲያይ እኔ ከታች ሰማሁ፤ የማን እግር እንደሚዋሽ የማውቀው ለዚህ ነው» ሲሉ ይኮሩበት ነበር።

በ1968 መጀመሪያ ላይ ማናልቱራን ለሁለት የከፈላት ነገር ሲደርስ ገና የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበሩ። የከተማችን ትልቁ ተውኔት «የፍሎሬንስዮስ ዘውድ» ነው። ሙሉው በአንድ ወፍራም ደብተር በእጅ ተጽፎ በአሮጌው አሻን እጅ ይኖር ነበር። አሮጌው አሻን ሲያርፉ ሁለቱ ተማሪዎቻቸው፣ የሰሜኑ ፓይሊና የደቡቡ ቫሬድ፣ «ደብተሩ ለእኔ ይገባል» «የለም ለእኔ» ተባባሉ። ሽማግሌ ገባ፤ ቄስ ገባ፤ አልሆነም። በመጨረሻ ደብተሩ በዓሣ ቢላ ከመሃል ተሰነጠቀ። ልዑሉ ከእናቱ ተሰናብቶ ወደ ጦርነት እስኪሄድ ያለው የፊተኛው ግማሽ ለሰሜን ደረሰ። ከጦርነቱ እስከ ዘውዱ ያለው የኋለኛው ግማሽ ደግሞ ለደቡብ። ሁለቱም በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ቆመው የሌላውን ግማሽ ላይዘፍኑ፣ በአንድ መድረክም ላይቆሙ ማሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የሌላ አገር ሰው አያምንም። በሰሜን ሰፈር ልዑሉ በየዓመቱ ወደ ጦርነት ይሄዳል፤ ተመልሶ ግን አያውቅም። በደቡብ ሰፈር በየዓመቱ ጦርነት አለ፤ ለምን እንደተጀመረ የሚነግርህ ሰው የለም። በሰሜን ያደገ ልጅ ልዑሉ ሞቶ ቀርቷል ብሎ ያስባል፤ በደቡብ ያደገው ደግሞ ልዑሉ እናት እንዳለችው እንኳ አልሰማም። ሙሉውን የሰሙ ሰዎች እያደር አለቁ። ብሪጂታ ከጠቡ በፊት ሙሉውን ሦስት ጊዜ ሰምተው ነበር። «ከመሞቴ በፊት አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ልስማው» የሚለው ቃል ከአፋቸው ጠፍቶ አያውቅም። የቀረው ሕይወታቸው ይህንን ሲያሳድዱ ያለፈ ነው ብንል አላጋነንም።

ትምህርታቸውን በሰበካው ትምህርት ቤት እስከ አሥረኛ ክፍል ተከታትለው በ1970 ከወደቡ አጠገብ ባለው፣ ሽሪምፕ የሚባለው ትንሽ የባሕር እንስሳ ቅርፊቱ በሚላጥበት መፈልፈያ ቤት ተቀጠሩ። እውነቱን ለመናገር እጃቸው ለሥራው አልተፈጠረም። ሌላዋ ሴት ቅርጫቷን ጨርሳ ስትነሳ እሳቸው ግማሽ ላይ ሆነው ወሬ ይዘዋል። አለቃው ሊያሰናብታቸው መሆኑ ሲሰማ ሴቶቹ ተመካክረው አንድ መላ ዘየዱ፦ የብሪጂታን ድርሻ እኛ እንፈለፍላለን፣ እሷ ጋዜጣ ታንብብልን። ይህ ውል ለሠላሳ ዘጠኝ ዓመታት ጸና። ጋዜጣው ሲያልቅ የፍርድ ቤት ማስታወቂያ ይነበባል፤ እሱም ሲያልቅ ከመድኃኒት ሣጥን ውስጥ የሚወጣው ወረቀት። ያነበቡትን ሁሉ ደግሞ ይተቹበታል። አንዲት የሥራ ባልደረባቸው ትናንት በለቅሶ ቤት እንደነገሩን፣ የሳል ሽሮፕ ወረቀት ሲያነቡ ሴቶቹ በሳቅ ከመቀመጫቸው የወደቁበት ቀን ነበር።

በ1976 ከአቶ ዴቫሲ ቫሬድ ጋር በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ጋብቻ ፈጸሙ። አዎን፣ ከአሻን ቫሬድ የበኩር ልጅ ጋር! የሰሜኑ አሻን ልጅ ለደቡቡ አሻን ምራት ሆነች ሲባል ከተማው ለሁለት ሳምንት ሌላ ወሬ አልነበረውም። አቶ ዴቫሲ የጀልባ ሞተር ጠጋኝ ናቸው፤ ከአሻን ቤት ተወልደው እግራቸው ምት እንቢ ያለ ብቸኛ ሰውም እሳቸው ናቸው። አባታቸው ስድስት ወር ሙሉ ለፍተውባቸው፣ «ይህ ልጅ መቆም እንጂ መርገጥ አልተሰጠውም» ብለው ተዉአቸው። ብሪጂታ ለምን እንደመረጧቸው ሲጠየቁ መልሳቸው አጭር ነበር፦ «በዚህ ከተማ ዝም ብሎ የሚቆም አንድ ሰው አገኘሁ፤ ልለፈው?»

በሠርጉ ዕለት አሻን ፓይሊ ልጃቸውን መርቀው ሲያበቁ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብለው፣ «ያንን ግማሽ የት እንደሚያስቀምጠው እይልኝ» እንዳሏቸው ይነገራል። አሻን ቫሬድም የዋዛ ሰው አልነበሩም። ሙሽራይቱ ደጃፉን ሳትረግጥ ደብተሩን ሣጥን ውስጥ ቆልፈው ቁልፉን ከመስቀላቸው ጋር አንገታቸው ላይ አሰሩት፤ ገላቸውን ሲታጠቡ እንኳ አይፈቱትም። እንዲህም ሆኖ አማትና ምራት እጅግ ይዋደዱ ነበር። ብሪጂታ ማታ ማታ ካሳቫና ዓሣ ሲያቀርቡ እንደ ዋዛ፣ «አባባ፣ ልዑሉ ከጦር ሜዳ ለእናቱ የሚልከው ቃል አጀማመሩ እንዴት ነበር?» ብለው ይጠይቃሉ። አሻን ቫሬድም አንድ ጉርሻ ጎርሰው፣ «ካሳቫው ጨው አንሶታል» ብለው ይመልሳሉ። የዚያ ቤት ካሳቫ ለሠላሳ አምስት ዓመታት ጨው እንዳነሰው ቆየ። ከዚህ ጋብቻ ወንድ ልጃቸውን ሲሪልንና ሴት ልጃቸውን ፍላቪያን አፍርተው፣ ሁለቱንም በሁለቱም አያቶች ጉልበት ላይ አሳድገዋል።

በ2009 የዓሣ አጥማጆች ማኅበራችን የማኅበረሰብ ሬዲዮ ለማቋቋም ፈቃድ አገኘና ሬዲዮ ቱራ ተወለደ። ሥርጭቱ ከአሥር ኪሎ ሜትር አያልፍም፤ ለማናልቱራ ይበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሰው ስለ እኛ ምን አገባው? ስቱዲዮው ከበረዶ ፋብሪካው ፎቅ ላይ ያለች አንዲት ክፍል ስትሆን፣ ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳዋ በኮኮናት ገመድ ምንጣፍ ተሸፍኗል። አቅራቢ ሲፈለግ ሦስት ባለ ዲግሪ ወጣቶች አመለከቱ። በፈተናው ቀን ግን ከመፈልፈያ ቤቱ ሃያ ሰባት ሴቶች ጓንታቸውን ሳያወልቁ ደረጃውን ወጥተው፣ «ብሪጂታ ካላነበበች እኛ አንሰማም፤ እኛ ካልሰማን ባሎቻችንም አይሰሙም፤ ለማን ልታወሩ ነው?» አሉ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ወጣቶቹን ይቅርታ ጠየቁ፤ ብሪጂታም በሃምሳ ስድስት ዓመታቸው የፕሮግራም ኃላፊ ሆኑ። ከተማው ትልቅ ትንሽ ሳይል «እትዬ» ይላቸው የጀመረው ከዚህ ጊዜ ወዲህ ነው።

«ባሕሩ ዛሬ» የተባለውን የማለዳ ፕሮግራም ለአሥራ አምስት ዓመታት ራሳቸው አቅርበዋል። የማዕበሉንና የነፋሱን ትንበያ በሥርዓቱ አንብበው ሲጨርሱ የራሳቸውን ያክሉበታል። «እንግዲህ ወረቀቱ ይህን ይላል። ራፌል፣ አንተን ነው የምለው፤ ትናንት ወረቀቱን ንቀህ ወጥተህ ባሕሩ መረብህን በላብህ። ዛሬ ቤትህ ተቀመጥ፤ ሚስትህ ጣሪያው ያፈሳል እያለች ነው።» አቶ ራፌል የባለቤታቸው ታናሽ ወንድም ሲሆኑ፣ ጣሪያቸውን በዚያው ዕለት ጠግነዋል። ስማችሁ እንዳይጠራ ብላችሁ ከወደብ ሳትወጡ የቀራችሁ፣ በዚያም ምክንያት በሕይወት ያላችሁ፣ ዛሬ ከዚህ ጉባኤ መካከል አላችሁ።

የጀልባ መግፊያ፣ የመረብ መጠገኛና የሕፃን ማባበያ ዜማዎችን ከየቤቱ እየዞሩ ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ያህል ቀርጸዋል። ቀረጻው ቀላል አልነበረም፤ ከታች የበረዶ መፍጫው ሲነሳ ዘፋኝም ጋዜጠኛም አፉን ዘግቶ ይጠብቃል። አንድ ቀን አንዲት የዘጠና ዓመት እናት በቀጥታ ሥርጭት እየዘፈኑ ሳለ ሰው ሠራሽ ጥርሳቸው ወልቆ ማይክሮፎኑን መታው። እትዬ ብሪጂታ ሳይደናገጡ፣ «አድማጮቻችን፣ አሁን የሰማችሁት ከበሮ አይደለም፤ ዜማው ይቀጥላል» አሉ። ዜማውም ቀጠለ፤ እናታችን ያለ ጥርስ እንዲያውም አማረባቸው።

በ2011 አባታቸው ሰማንያ አራት፣ አማታቸው ሰማንያ አንድ ዓመት ሞልቷቸው ነበር። ሁለቱም ማሳል ጀምረዋል። እትዬ ብሪጂታ ሥጋት ገባቸው፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች ካለፉ ደብተሩ ቢገኝ እንኳ ዜማው አይገኝም፤ በደብተሩ ላይ ያለው ቃሉ ብቻ ነው። ስለዚህ ለአባታቸው፣ «አባባ፣ የእርስዎን ግማሽ ለሬዲዮ ልቅረጽልዎት» አሉ። ለአማታቸውም ያንኑ ቃል። ለአንዱ ስለ ሌላው አልነገሩም፤ ማንም አልጠየቃቸውም፤ ስለዚህ አልዋሹም። መሐላው በአንድ መድረክ ላለመቆም ነው፤ ሬዲዮ ደግሞ መድረክ የለውም።

በመጀመሪያው ቀረጻ ቀን ሁላችንም አንድ ነገር ረስተን ነበር። ርገጣ ያለ እግር አይሆንም፤ ስቱዲዮው ያለው ደግሞ ከበረዶ ፋብሪካው በላይ ነው። አሥራ ሁለት የሰሜን ሰዎች ልዑሉን ሊሸኙ ባንድ ላይ ሲረግጡ፣ የፋብሪካው ፎርማን የበረዶ ማሽኑ ሊፈነዳ መስሎት ሠራተኛውን በሙሉ ወደ ባሕሩ ዳር አስወጣ። ፎቅ ላይ ያሉት ደግሞ ሰው ሲሮጥ በመስኮት ቢያዩ «እሳት ተነሣ!» ብለው በኋላ በር አመለጡ። ሁለቱ ወገኖች አሸዋው ላይ ተገናኙና፣ «ምን ሆናችሁ ነው የምትሮጡት?» «እናንተስ ምን ሆናችሁ?» ተባባሉ። ከዚያ ወዲህ ቀረጻው ወደ ሽሪምፕ መፈልፈያ ቤቱ ተዛወረ፤ የዓሣ ሣጥን ተገልብጦ ሳንቃ ተነጠፈበት። ድምፁ ከእውነተኛው መድረክ እንኳ በለጠ።

ሁለቱ ግማሾች በተከታታይ በሁለት ሐሙሶች ከቀትር በኋላ ተላለፉ። አሻን ፓይሊ፣ «ከቫሬድ አፍ የወጣ ነገር በቤቴ አይሰማም» ብለው የማሉ ሰው ስለነበሩ፣ በሁለተኛው ሐሙስ ሬዲዮናቸውን ታቅፈው ከቤት ወጡና ተገልብጦ የሚታደስ ጀልባ ላይ ተቀመጡ። መሐላው ስለ ቤት እንጂ ስለ ጀልባ አይልም። ልዑሉ ከጦር ሜዳ ለእናቱ የሚልከውን ቃል ከአርባ ሦስት ዓመት በኋላ ሰሙ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ወዲያው ደግሞ ተቆጡ። የወንድ ልጃቸውን ስልክ ነጥቀው ጣቢያው ደወሉና በቀጥታ ሥርጭት ገቡ።

«ሁለት መስመር ዘሏል! ያ ቫሬድ ሁለት መስመር ውጧል!» አሉ።

አሻን ቫሬድ በዚያ ሰዓት ስቱዲዮ ውስጥ ሻይ ይጠጡ ነበር። ማይክሮፎኑን ወደ ራሳቸው ሳቡት። «ማነው ዋጠ የሚለኝ? እዚያ ቦታ ላይ ያለው እስትንፋስ ነው፤ አንተ ድሮም አትተነፍስም!»

«ምን እስትንፋስ አለው! ስማ፣ እንዲህ ነው!» ብለው አሻን ፓይሊ ሁለቱን መስመር ጀልባውን በእግራቸው እየመቱ ዘፈኗቸው። ከተማው በሙሉ ሰማ።

«ምለህ አልነበር?» አሉ አሻን ቫሬድ ቀስ ብለው።

«መሐላው መዝፈን ነው የሚለው። ይህ ማረም ነው።»

ክርክሩ ሃያ ሁለት ደቂቃ ፈጀ፤ የዓሣ ገበያ ዜና ሳይነበብ ቀረ። እትዬ ብሪጂታ ከመቆጣጠሪያው ጀርባ ተቀምጠው እንባቸውን በሻሻቸው ጫፍ እየጠረጉ አንድም ቁልፍ አልነኩም። ከዚያ ሐሙስ ጀምሮ «ጎደለ፣ አልጎደለም» የተባለው ፕሮግራም ቋሚ ሆነ፤ ሁለቱ ሽማግሌዎችም በየሳምንቱ እየተሰዳደቡ፣ አንዱ የሌላውን ግማሽ «እያረመ»፣ ሦስት ዓመት ሙሉ አዝናኑን። አሻን ቫሬድ በ2014 ሲያርፉ አሻን ፓይሊ ወደ ጣቢያው ደውለው፣ «እንግዲህ ማን ይሳሳትልኛል?» ብለው አለቀሱ። በዓመቱ እሳቸውም ተከተሏቸው።

ተውኔቱ በሬዲዮ ተሰፋ እንጂ በመድረክ አልተሰፋም። የሰሜኑን ቡድን የእትዬ ብሪጂታ ወንድም አቶ ጄርቫሲስ፣ የደቡቡን ደግሞ አቶ ራፌል ወረሱ፤ ከደብተሩ ጋር ኩርፊያውንም ወረሱ። እትዬ ብሪጂታ በእነዚህ ዓመታት ለመፈልፈያ ቤቱ ሠራተኞች ሴት ልጆች ርገጣ እንዲያስተምሩ ሁለቱንም ቡድኖች አስገድደዋል። ዛሬ ንግሥቲቱን የምትጫወተው ሴት ናት፤ ጺም መላጨትም ቀርቷል። ዋናው ነገር ግን አልሆን አላቸው። «በአንድ መድረክ ሙሉውን ተጫወቱልኝ» ሲሉ፣ መድረኩ በማን ሰፈር ይተከል ይባላል። በመፈልፈያ ቤቱ ግቢ፣ በሁለቱ ሰፈር መካከል ይሁን አሉ። ልዑሉ የማን ሰው ይሁን ተባለ። በዚህ ጥያቄ ብቻ አራት ዓመት አለፈ። በመጨረሻ እትዬ ብሪጂታ፣ «ሲሄድ የሰሜን ሰው ይሁን፣ ሲመለስ የደቡብ ሰው። ጦርነት ሰውን ይለውጣል አይደል የሚባለው? ይለወጣ!» ብለው ገላገሉን። ባለፈው ዓመት መገባደጃ ላይ ሁለቱም እሺ አሉ። ቀኑም የሰበካችን በዓል የሚውልበት ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 25 ቀን 2025 ሆነ።

እትዬ ብሪጂታ ከ2023 ጀምሮ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ነበር። ቀኑ በተቆረጠ በወሩ ሕመማቸው ጠናና ሆስፒታል ገቡ። ሐኪሞቹ ያሉትን ቤተሰቡ ሊደብቃቸው ቢሞክርም፣ ነርሷ የመፈልፈያ ቤት ሴት ልጅ ስለነበረች ሁሉንም ነገረቻቸው። ያሳሰባቸው ሞቱ አልነበረም። እንደምታውቁት በእኛ ልማድ ሐዘን የገባበት ቡድን አርባ አንድ ቀን ሳንቃ አይረግጥም። እሳቸው ደግሞ ለሰሜኑ አለቃ እህት፣ ለደቡቡ አለቃ የወንድም ሚስት ናቸው። ከቅዳሜ በፊት ካረፉ ሁለቱም ቡድኖች ሐዘንተኞች ናቸው፤ ተውኔቱም ይቀራል። እነዚህ ሁለት ሰዎች ደግሞ አንዴ ከተበተኑ ዳግመኛ የሚሰበስባቸው ማን ነው?

ጃንዋሪ 9 ቀን ሁለቱን ወደ አልጋቸው አስጠሩ። ቄሱም ነበሩ፤ «ይህ የቤተ ክርስቲያን ሕግ አይደለም፤ የእናንተው ልማድ ነው፤ እናንተው ፍቱት» አሉ። ሁለቱ አለቆች መሬት መሬት ያያሉ። አቶ ጄርቫሲስ ተናገሩ።

«እኔ ብረግጥ ይሄ ሰው ነገ፣ በእህቱ ሬሳ ላይ ጨፈረ፣ ይለኛል።»

«እኔ ብረግጥ ደግሞ እሱ፣ ድሮስ መቼ የእነሱ ደም ነበረችና፣ ይለኛል» አሉ አቶ ራፌል።

እትዬ ብሪጂታ ትራሱ ላይ ቀና አሉ። «እናንተ ሰዎች፣ ሃምሳ ሰባት ዓመት ጠብቄ ተውኔቱን የማስቀረው እኔ ልሁን? መቼ እንደምሞት ፕሮግራም የማወጣው እኔ አይደለሁም። የቅዳሜውን ግን እኔ ነኝ ያወጣሁት፤ እንዳትነኩብኝ።»

አቶ ራፌል አለቀሱ። አንገታቸውን ሳያቀኑ፣ «ጄርቫሲስ፣ ብትረግጥ አፌን አላነሳብህም» አሉ። አቶ ጄርቫሲስ፣ ማለትም የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ አባት፣ ለእንዲህ ያለው ነገር አፋቸው ቶሎ አይፈታም። ጉሮሯቸውን ሦስት ጊዜ ጠረጉ። «ብትረግጥ እኔም አላነሳብህም። ብትሳሳት ግን አነሳለሁ» አሉ። እትዬ ብሪጂታ ወደ እኔ ዞር ብለው «ቀርጸሻል?» አሉ። ቀርጫለሁ። በማግሥቱ «ባሕሩ ዛሬ» ላይ ከነፋሱ ትንበያ ቀጥሎ ተላልፏል፤ ስለዚህ ዛሬ እዚህ ቆሞ አላልኩም የሚል ቢኖር ካሴቱ አለን።

ጃንዋሪ 19፣ እሑድ ከቀትር በኋላ፣ ሁለቱ ቡድኖች በመፈልፈያ ቤቱ በተነጠፈው ሳንቃ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው ቆሙ። ስልክ ከመድረኩ ሥር አስቀመጥን፤ እሳቸው በሚያውቁት ቦታ። በሆስፒታል በኩል አቶ ዴቫሲ ስልኩን በባለቤታቸው ጆሮ ላይ ይዘው ሦስት ሰዓት ተኩል ቆሙ፤ ወንበር ቢሰጣቸው እምቢ አሉ። ልዑሉ ተሰናበተ፤ ሄደ፤ ተዋጋ፤ ለእናቱ ቃል ላከ፤ በሌላ ሰው እግር ተመለሰ፤ እናቱም ዐወቀችው። ዘውዱ ተጫነ። የመጨረሻው ምት ሲያርፍ ሠላሳ አራት ሰው ላቡን ሳይጠርግ ስልኩን ይጠብቅ ጀመር። ሃምሳ ሰባት ዓመት የጠበቁትን ሰምተዋል፤ ምን ይሉ ይሆን?

እትዬ ብሪጂታ መጀመሪያ ተነፈሱ። ቀጥለው በቀጭን ድምፅ፣ «ከግራ በኩል ሦስተኛው እግር ዘገየ። ድገሙት» አሉ።

ደገሙት። ሰሜኖች የዘገየው የደቡብ እግር ነው ይላሉ፤ ደቡቦችም የሰሜን ነው ይላሉ፤ እውነቱን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። አቶ ዴቫሲ እንደነገሩን በሁለተኛው ዙር፣ ልዑሉ ወደ ቤቱ መንገድ ሲጀምር፣ ፊታቸው ላይ ፈገግታ እንዳለ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ከዚያ እንቅልፍ አልነቁም። በማግሥቱ ሰኞ፣ ጃንዋሪ 20 ቀን 2025፣ ከቀትር በፊት በሰባ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ።

እትዬ ብሪጂታ ለባለቤታቸው ለአቶ ዴቫሲ ለአርባ ስምንት ዓመታት የቤታቸው ድምፅ፣ ለልጆቻቸው ለሲሪልና ለፍላቪያ እናት፣ ለአራት የልጅ ልጆች አያት፣ ለሬዲዮ ቱራ ጆሮ ነበሩ። እኔ የወንድማቸው ልጅ አግኔስ ማይክሮፎን ፊት ቁጭ ብዬ የማወራው ስላስተማሩኝ ነው፤ ዛሬ ይህን ሳነብ ድምፄ ቢቆራረጥም እሳቸው ቢሰሙ ዝም የሚሉኝ አይመስለኝም። እጅግ አዝኛለሁ፤ እጅግም ኮርቻለሁ።

ቤተሰቡ ከሩቅና ከቅርብ መጥታችሁ ሐዘኑን የተካፈላችሁትን ያመሰግናል። የአርባ አንድ ቀን ልማዳችንን ለዚህ አንድ ጊዜ ሁለቱም ወገኖች ፈትተውታል። ስለዚህ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በአሥር ሰዓት በመፈልፈያ ቤቱ ግቢ «የፍሎሬንስዮስ ዘውድ» ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይረገጣል፤ ሬዲዮ ቱራም በቀጥታ ያስተላልፈዋል። ወንበር ስለማይበቃ የራሳችሁን ይዛችሁ ኑ፤ በሰሜንም በደቡብም በኩል ተቀመጡ፤ መድረኩ አንድ ነው።

ነፍሳቸውን ፈጣሪ በደጋጎቹ መካከል ያስቀምጥልን፤ እኛንም እስከ ቅዳሜ ድረስ ያለ ጥል ያቆየን። አሜን።